ስድስተኛዋ ባቄላ

ሰብለ ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ቀን በሬን አንኳኩታ ስትገባ በእጇ የያዘችው አሮጌ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነበር። ሰብለ እዚህ አርብ ገበያ፣ ከቤቴ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት የትንንሾቹ መምህርት ናት፤ ዜሮ ክፍል የሚሏቸው፣ አንደኛ ክፍል ለመግባት ገና የሚንደረደሩት። ትምህርት ቤቱ ብዙ ተዘግቶ ከርሞ መከፈቱ ነበር። «እትዬ ዘውዴ፣ ይዩልኝ እስቲ፣ ኮርነሬ፣ የልጆቹ መጫወቻ ጥግ ሁሉ፣ ባዶውን ጠበቀኝ» አለችና ክዳኑን ከፈተችው። ውስጡ ልጆቹ የሚቆጥሩበት ባቄላ ነው። ነቀዝ ጨርሶታል፤ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ቀዳዳ። ሽታውን ግን ነቀዝ አልበላውም። አፈር አፈር፣ ገለባ ገለባ የሚለው ሽታ ወጥቶ ፊቴን ሲመታኝ የተቀመጥኩበት በርጩማ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ለሌላው ሰው ባቄላ የእልበት ሽታ ነው፣ የጾም ሽታ ነው። ለእኔ የአንዲት ልጅ ሽታ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዤው ስኖር ለባሌ እንኳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልነገርኩትም።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከንፋስ መውጫ በጭነት መኪና፣ ጨው በሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጬ አርብ ገበያ ስገባ ቀይ ቀሚስ፣ እናቴ የሠራችልኝ አረንጓዴ ሹራብና ነጭ ሸራ ጫማ አድርጌ ነበር። ፀጉሬ አፍሮ ነው፤ አቧራው ላዩ ላይ ተኝቶበት ሽበታም መስያለሁ። ልብስ ሰፊው ከበረንዳው ሆኖ መኪናውን ቆሞ ሲያይ «ይቺ ደግሞ የማን ሙሽራ ናት?» ማለቱ አይረሳኝም። በዚያ በረንዳ ስር በስሙኒ ሻይና ቁራሽ አምባሻ ይገኝ ነበር፤ ሻዩ ከስኳር ብዛት ከንፈር ያጣብቃል። አርብ አርብ ከበረንዳው ፊት ለፊት ያለችው ዋርካ ስር አህያ እንደ ሰው ተሰልፎ ይታሰራል። ጠጅ ቤቱ አንዲት ባትሪ የደከማት ራዲዮ ነበረችው፤ ዘፈኑ ሄዶ ሄዶ ይጎተትና ዘፋኟን ሴት ወንድ ያደርጋታል። አሁን በረንዳው ሞባይል መጠገኛ ሆኗል፣ በዋርካዋ ጥላ ባጃጅ ይቆማል። ስኳር ደግሞ ከስንት አንዴ የሚታይ እንግዳ ሆኗል። ልብስ ሰፊውም የለ።

የተላክሁት መዋዕለ ሕፃናት እንድከፍት ነበር። ያኔ ስሙ እንደዚያ ነበር። ሦስት ወር ሠልጥኜ ወረቀት ይዣለሁ፤ ጭንቅላቴ በሥልጠናው ተነፍቶ በበር የሚገባ አልነበረም። የተሰጠኝ ክፍል በፊት የእህል መጋዘን የነበረ የጭቃ ቤት ነው፤ እሱን በአራት ጥግ ከፈልኩት። የሱቅ ጥግ አልኩና ባዶ ቆርቆሮና የተሰበረ ሚዛን አስቀመጥኩ። የግንባታ ጥግ አልኩና ከአናጢው የጣውላ ቁራጭ ለምኜ አመጣሁ። አሸዋውን ከወንዝ ራሴ በጆንያ ተሸክሜ አመጣሁ። አራተኛው የቁጥር ጥግ ነበር፤ የምወደው እሱን ነው። ቆርኪ፣ ጠጠር፣ የክብሪት ቤት፣ ባቄላ። ልጅ ቁጥር የሚገባው በጨዋታ ነው ብለው ሲያስተምሩን እኔ ከሁሉ ቀድሜ አምኛለሁ፤ በራሴ አይቼዋለሁና። አባቴ እዚሁ በእኛ አገር ባለችው ቤተ ልሔም አካባቢ ያደገ መሪጌታ ነበር፣ የበዓላቱን ቀን በጣቱ አንጓ እየቆጠረ ያወጣል። እኔ ሥሩ ተቀምጬ በአምስት ጠጠር ቅልሞሽ እጫወታለሁ። አንዷን ወደ ላይ ወርውሮ አንድ ማንሳት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። እሱ በጣቱ፣ እኔ በጠጠሬ፤ ማንም ቁጥር ተማሪ ሳይለኝ ነው የተማርኩት። ለልጆቹም አንዲት መዝሙር ፈጠርኩላቸው፣ «አንድ ባቄላ ዘራሁ፣ ሁለት ሆና በቀለች፤ ሁለት ባቄላ ዘራሁ፣ አራት ሆና አፈራች» የምትል። እየዘመሩ መሬቱን በእግራቸው ሲመቱ የመጋዘኑ አቧራ ይነሣና ሁላችንም እናስነጥሳለን። አንድ ልጅ ነበረ፣ ምንም ብታደርጊው ሰባትን ይዘላታል፤ ከስድስት ስምንት። ሰባት ምን አድርጋህ ነው ብዬ ስጠይቀው «አልወዳትም» አለኝ። እንዴት ያለ ሳቅ ሳቅሁ መሰላችሁ።

ደብሬ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቀጭን ናት፣ ቁንጮዋ ከግንባሯ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከወንድሟ የተረፈ ካኪ ሸሚዝ እስከ ጉልበቷ የሚደርስላት። ባቄላ በእፍኜ ዘግኜ ጠረጴዛው ላይ ስበትነው ሌሎቹ በጣታቸው እየነኩ ሲቆጥሩ እሷ አይታ ብቻ «ስምንት» ትላለች። ባቄላውን ዘርዝሬ ሳራርቀው ሌሎቹ «በዛ» ይላሉ፤ እሷ እኔን በትዝብት ታየኝና «ያው ነው» ትላለች። መምህር የሆነ ሰው ያውቃል፤ እንዲህ ያለች ልጅ ስታጋጥም ደሞዝም ታስረሳለች። ያለ ሐፍረት እናገራለሁ፣ ከሁሉ አብልጬ እወዳት ነበር።

በእኛ አገር ሰው አይቆጠርም። ከብትም አይቆጠርም። ገበሬው ማታ ከብቱ በረት ሲገባ አንዷ ብትጎድል ያውቃል፤ በመልኳ ነው የሚያውቃት፣ በቁጥር አይደለም። እናትን ስንት ልጅ አለሽ ብትሏት «እግዜር የሰጠኝ አሉ» ትላለች እንጂ ቁጥር አትጠራም። የቆጠሩት ይጎድላል ተብሎ ይፈራል። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ፤ ግን ሠልጥኛለሁ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አሰልፌ አንዱ የሌላውን ራስ እየነካ ስንት እንደመጡ አስቆጥር ጀመር። አንድ ቀን የደብሬ እናት ኩበት የያዘ እጇን እንኳ ሳትታጠብ መጣችብኝ። ከደብሬ በፊትም በኋላም የቀበረቻቸው ልጆች ነበሯት። «አንቺ መምህርት፣ የሰው ልጅ እንደ ጎመን እየተነካ ይቆጠራል?» አለችኝ። «ልጄን ፊደል አስተምሪልኝ ብዬ ሰጠሁሽ እንጂ አስቆጥሪብኝ አልኩሽ?» ይቅርታ አልኳት። በልቤ ግን ስቄባታለሁ፤ እውነቱ ይሄ ነው።

ማስቆጠሩን ተውኩና ዘዴ ፈጠርኩ። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ የክብሪት ቤት ሰጠሁት፤ ይህ ቤታችሁ ነው፣ ለቤታችሁ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ባቄላ አስተኙለት አልኳቸው። የምንቆጥረው ሰው ሳይሆን ባቄላ ነው፤ ማን ምን ይለኛል? በብልጠቴ ኮራሁ። ልጆቹ ደስ አላቸው። አንዱ ለአባቱ ትልቅ ባቄላ መረጠ፣ አንዷ ለአያቷ የተጨማደደውን። ደብሬም የክብሪት ቤቷን ዘግታ አመጣችልኝ። ስከፍተው አምስት ባቄላ ነው። የተከራየሁት ቤት ከነሱ ጎረቤት ስለነበረ ቤተሰቡን አውቀዋለሁ፤ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ታላቅ ወንድም፣ ደብሬ፣ ከዚያ ገና ዓመት ያልሞላው ታድሎ። ስድስት ናቸው።

«ደብሬ፣ አንድ ጎድሏል» አልኳት።

«አልጎደለም፣ እትዬ።»

«ታድሎስ?»

አንገቷን ደፋች። «አምስት ነው» አለች፣ ለጣቶቿ።

ሌሎቹ ልጆች ይሄን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል «ደብሬ ተሳሳተች! ደብሬ ተሳሳተች!» ብለው ጮሁ። እኔም አንዲት ባቄላ ከጣሳው አነሣሁና በገዛ እጄ ከአምስቱ አጠገብ አስተኛኋት። «ይኸው፣ አሁን ስድስት ሆነ። ጎበዝም ይሳሳታል፣ ደብሬም ዛሬ ተሳሳተች» አልኳቸው። አላለቀሰችም። ቀና ብላ ያየችኝ አስተያየት ግን የስድስት ዓመት ልጅ አስተያየት አልነበረም።

ሳምንቱ ሳይሞላ ታድሎ ሞተ። ትክትክ ነበር። ከሰው ዓይን ይሰወር ብለው ጓዳ ሸሽገውት፣ ጎረቤት ሆኜ ሳሉን እንኳን አልሰማሁም። ቀብሩ ላይ ደብሬ አየችኝና አያቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ መዋዕለ ሕፃናት አልመጣችም፤ ክረምቱ ሲወጣ ቤተሰቡ ተነሥቶ ስማዳ፣ ዘመድ ዘንድ ሄደ። የክብሪት ቤቶቹን ስሰበስብ የሷን ከፈትኩት። አምስት ባቄላ። እኔ የጨመርኳትን መቼ እንዳወጣቻት አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያሰቃየኝ የእናቷ ቃል ነበር፤ ቆጥሬ ገደልኩት እንዴ እያልኩ ተሠቃየሁ። ቆይቶ፣ የራሴን ልጆች ወልጄ ነው የባሰው የገባኝ። ባቄላ ሰው አይገድልም። ግን ያቺ ልጅ በክፍሉ ካሉት ሁሉ የተሻለች ቆጣሪ ነበረች፤ አምስት ስትለኝ ቁጥር ጠፍቷት አልነበረም። ቤታችን ውስጥ የታመመ አለ፣ እሱን መጥራት ፈራሁ ማለቷ ነበር። ያላት መንገድ ያ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። «ለምን አምስት ሆነ?» ብዬ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ጤና ጣቢያው ከመጋዘኑ አሥር ደቂቃ ነው፤ ድሬሰሩ በሩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። እኔ ግን ያረምኩትን አርሜ ቁጥሩን አስተካከልኩ።

ይህን ሁሉ ለሰብለ አልነገርኳትም። «ነገ አርብ ነው፣ አዲስ ባቄላ እገዛልሻለሁ» ብቻ አልኳት። በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። ገበያው እንደ ድሮው አይሞላም፤ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ሰዉ ወሬ ሳይጠይቅ አህያውን አይጭንም። የእህል ተራ ዳር ላይ አንዲት ሴት ባቄላ በጆንያ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አንዲት ትንሽ ልጅ ከጆንያው የሚፈሰውን እየለቀመች መሬት ላይ ትደረድራለች። ሁለት ሁለት አድርጋ ነው የምትደረድረው። ቆሜ ሳያት እናትየዋ «እትዬ ዘውዴ አይደሉም?» አለችኝ። ቁንጮው የለም፣ ጉንጯ ገብቷል፤ ዓይኗን ግን አወቅሁት። ደብሬ ናት። እዚሁ ከከተማው ወረድ ብሎ ባለ ጎጥ አግብታ ከስማዳ ከተመለሰች ዓመታት ሆኗታል፤ አልፋኝ አልፋኝ ትሄድ ኖሯል።

«ልጅ አፈራሽ?» አልኳት፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«እግዜር የሰጠኝ አሉ። ይችት ትርንጎ ናት። ወንድሟ አራተኛ ክፍል ደርሷል። አማቴም አለች፣ ባለቤቴም ደኅና ነው።» እያወራች ግራ ጎኗን በእጇ ትይዛለች፤ ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የሚወጣላት።

«ጎንሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ውጋት ነው። ይለቀኛል» አለችና ጣሳውን አንሥታ ሰፈረችልኝ። «ለምንዎ ነው፣ ለክክ?»

«ለልጆች ነው። ለትምህርት ቤት። ትርንጎን ላኪያት፣ ደብሬ። እዚህ ተቀምጣ የምትደረድረውን እዚያ ትደርድር።»

ጣሳውን ጆንያው ላይ መልሳ አስቀመጠች። «እንድትቆጥር ነው የሚሉኝ?»

«እንድትጫወት ነው የምልሽ።»

ትንሽ ምርቃት ብላ አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ። እኔም ከፍዬ ተነሣሁ። ስንት ዓመት ስደረድረው የኖርኩት ቃል ነበር፤ ይቅር በይኝ የምትል አጭር ቃል። እህል ተራውን ጨርሼ ስወጣ ገና ጉሮሮዬ ውስጥ ነበረች። አርባ ዓመት የሚጠጋ ይዤ የኖርኩትን ከጣሳ ባቄላ ጋር ማውረድ አቃተኝ። በራሴ ተናደድኩ፤ ለሰው ምላሴ አያርፍም፣ ለሚገባው ቦታ ዱዳ ነኝ።

ሰኞ ባቄላውን ይዤ ሰብለ ክፍል ሄድኩ። አሁን ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፣ የላስቲክ ቁጥሮች አሉ፣ ሰብለ በስልኳ ዘፈን ትከፍትላቸዋለች። ጥጎቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው፤ ሱቁ፣ ግንባታው፣ አሸዋው፣ ቁጥሩ። ትርንጎን ወንድሟ በር ላይ ትቷት ሲሮጥ አየሁ። ደብሬ ልካታለች! ዳር ላይ አጭር ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ። የዕለቱ ትምህርት «ቤተሰቤ» ነበር። ሰብለ ለያንዳንዱ ልጅ የካርቶን ቤት ሰጠችና «ለቤታችሁ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ባቄላ» አለች። ከኔ አልሰማችውም፤ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ ላይ አለ።

ትርንጎ እየመረጠች አስቀመጠች። ተነሥቼ ጠጋ ብዬ አየሁት። አራት።

በገበያ ደብሬ ስትዘረዝርልኝ በልቤ ቆጥሬያቸው ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ከራሷ ጋር አምስት ናቸው። ሰብለ ከወንድሟ ክፍል ያመጣችውን የቤተሰብ መዝገብ አየች፣ ጎንበስ አለችና «ትርንጎዬ፣ አንድ የረሳ—» ስትል እጇን ያዝኳት። ሳላውቀው አጥብቄ ይዣት ኖሮ «እትዬ?» ብላ ደነገጠች።

ልጅቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ልክ ነሽ፣ አራት ነው» አልኳት። «ንገሪኝ እስቲ፣ ማን ማን ናቸው?»

በጣቷ እየነካች «አባ፣ አያቴ፣ ወንድሜ፣ እኔ» አለች።

«እማስ ምን ሆነች?»

ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት ነው፤ ከእናቷ ተቀብላዋለች። በጆሮዬ ነው የነገረችኝ። «እማ አትነሣም። ትቃጠላለች። የታመመ አይቆጠርም ብላኛለች።»

ነጠላዬን የት እንዳደረግሁት ሳላይ ወጣሁ። በዚህ ጉልበቴ ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ደብሬ መደብ ላይ ተኝታለች፤ ትንፋሿ አጭር ነው፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ባሏ እርሻ ላይ ነው፣ አማቷ ራሷን በእርጥብ ጨርቅ ታብስላታለች። ለማንም አልተናገሩም፤ ይለቀኛል እያለች ከልክላቸው ኖሯል። ጮህኩ። ያለ እኔ ማን ይጩህ? ጎረቤት ተሰብስቦ ቃሬዛ አመጣ፣ ባሏም ደረሰ። ሊያነሷት ሲሉ ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ።

«ማን ነገረዎት?» አለች።

«ትርንጎ። በባቄላ ነገረችኝ። አራት ብላ።»

ድምፅዋ ከትንፋሿ ጋር ተቀላቅሎ ስለወጣ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት። «እኔም ነግሬዎት ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት። «አልሰማሁሽም፣ ደብሬ። ይቅር በይኝ።» ወንዶቹ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ እጇ ከኔ እጅ ወጣ። ይቅር ትበለኝ፣ አትበለኝ ሳትነግረኝ ዳገቱን ይዘዋት ወጡ።

በዚያው ቀን መኪና አልተገኘም። ጤና ጣቢያ አድራ በማግስቱ በሚኒባስ ንፋስ መውጫ ተወሰደች፤ ሳንባዋ ነው አሉ፣ ቆይታችሁ ነው ያመጣችኋት አሉ። እዚያው ናት። ባሏ ሲደውል ድምፁ አንድ ቀን ደኅና ነው፣ አንድ ቀን አይደለም፤ ኔትወርክ በሌለ ቀን ደግሞ እኔ ስልኩን ይዤ ጓሮ ለጓሮ እዞራለሁ። ትርንጎ እኔ ዘንድ ናት። ማታ አብረን ቅልሞሽ እንጫወታለን፤ እስከ ሦስት ማንሳት ችላለች። ጠዋት ጠዋት አድርሻት፣ ቤት ሄጄ ምን እሠራለሁ ብዬ እዚያው ያቺ አጭር ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ልጆቹ ሲገቡ ሁልጊዜ መጀመሪያ የካርቶን ቤታቸውን ከፍተው ያያሉ። ትርንጎም ትከፍታለች፣ ትነካካቸዋለች፣ ትዘጋዋለች። ዛሬም አራት ነው። ሰብለ ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔ ተያት እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። የቀረችው ባቄላ ጣሳው ውስጥ አለች፣ ማንኛዋ እንደሆነች አላውቅም። እኔ አልነካትም። የምታስገባት ትርንጎ ናት።